የራሷ አስተርጓሚ

ጋሽ ፊደል ወድቀው ዳሌያቸው መሰበሩን ሚጡ የሰማችው እሑድ ረፋዱ ላይ፣ ለእንግዳው የሚቀርቡትን የሻይ ስኒዎች እየወለወለች ሳለ ነበር። የደወለችው የሽማግሌው ጎረቤት ናት።

“ደረጃው አዳልጧቸው ነው፤ ሆስፒታል አስተኝተዋቸዋል። እንዲያ እያቃሰቱ እንኳ ‹ለሚጡ ንገሪልኝ፣ ዛሬ አልደርስላትም› ነው የሚሉት። ምንድን ነው ነገሩ?”

“ምንም አይደል። ብቻ እሳቸውን ይማራቸው” አለችና ስልኩን ዘጋች። ምንም አይደል ያለችው ነገር ግን ሙሉ ሕይወቷ ነበር።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሰፈሩ ሁሉ “መካኒኩ” እያለ የሚጠራው የባዕድ አገር ሰው ሊያገባት ፈልጎ አባቷን ሊጠይቅ ይመጣል። እሱ የቤቱን ቋንቋ አያውቅም፤ ቤተሰቡም የሱን አያውቅም። እሷና እሱ የሚግባቡት ኤስፔራንቶ በሚባል፣ የማንም አገር ባልሆነ ቋንቋ ነው። ያንን ቋንቋ አጥርቶ የሚናገር፣ ዕድሜውም ከአባቷ ፊት ለመቀመጥ የሚበቃ ሰው በከተማው ውስጥ ቢፈለግ የሚገኙት ጋሽ ፊደል ብቻ ነበሩ። ሽማግሌው ሰሞኑን ሲዘጋጁ ነው የሰነበቱት። “አንቺ ዝም ብለሽ ሻይ ታቀርቢያለሽ፤ ምላሱን ለኔ ተይው” ብለዋት ነበር።

እናቷ ከኩሽና ብቅ አለች። “ምነው? ፊትሽ አመድ መሰለ።”

“ጋሽ ፊደል አይመጡም፣ እማዬ። ወድቀው ተሰብረዋል።”

“ውይ በሞትኩት! እና ማን ሊያስተረጉም ነው?”

ሚጡ ስኒውን አስቀመጠችው። እናቷ ትንሽ ቆይታ ገባት።

“አይሆንም። አንቺ? ስለ ራስሽ ጉዳይ? በአባትሽ ፊት?” አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። “ለሌላ ቀን ይተላለፍ በይው።”

“ነገ እኮ ነው የሚሄደው፣ እማዬ።”

እናትና ልጅ ተያዩ። ከሳሎኑ የአባቷ ጫማ ኮቴ ይሰማል። ሰውየው ከጠዋት ጀምሮ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ክራቫታቸውን አስረው፣ ችሎት እንደሚገባ ሰው ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ሚጡ ስኒውን መልሳ አነሳችው። ንጹሕ ነበር፤ እሷ ግን መወልወሏን አልተወችም፤ እጇን ሌላ ምን እንደምታደርገው አላወቀችም።

*

ሚጡ ቋንቋ ፈርታ ነው ያደገችው። ትምህርት ቤት ሳለች የውጭ ቋንቋ ፈተና በመጣ ቁጥር ትወድቅ ነበር። አንድ አስተማሪ ወረቀቷን በክፍሉ ሁሉ ፊት ወደ ላይ አንስቶ፣ “የዚች ልጅ ጭንቅላት ለቋንቋ በሩ ተዘግቷል፤ ቁልፉም የለም” ብሎ አስቆባት ያውቃል። ያ ቃል አጥንቷ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ትምህርቷን እንደምንም ጨርሳ መነጽር ቤት ተቀጠረች። እዚያ መናገር ብዙም አያስፈልግም። መስተዋት በልኩ ትሞርዳለች፤ የላላ ብሎን ታጠብቃለች፤ የተጣመመ ክንድ ታቃናለች። “ያዩበታል?” ትላለች፤ “አዎ” ይሏታል፤ ይሄዳሉ።

ጋሽ ፊደል አንድ ቀን የመነጽራቸው የአፍንጫ ማረፊያ ተነቅሎባቸው መጡ። ዕድሜያቸውን በሙሉ በማተሚያ ቤት የእርሳስ ፊደል ሲለቅሙ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ቅጽል ስሙ የወጣላቸውም በዚያው ነው። እሷ ስትሠራ እሳቸው አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ያነባሉ።

“ምንድን ነው?” አለቻቸው፣ ዝም እንዳይሆንባት ያህል።

“ቋንቋ ነው። የፈለሰፈው ሰው የዓይን ሐኪም ነበር፤ የሙያ ዘመድሽ ማለት ነው። መማር ትፈልጊያለሽ?”

“እኔ? ለቋንቋ በሬ የተዘጋ ነው፣ ጋሼ።”

“እስቲ እናንኳኳው። ‹ቦና› ማለት ጥሩ ነው። የአንድን ነገር ተቃራኒ ስትፈልጊ ከፊቱ ‹ማል› ትለጥፊበታለሽ። መጥፎ ማለት ምን ሊሆን ነው?”

ሚጡ ብሎን መፍቻውን እንደያዘች ቆመች። “ማል… ማልቦና?”

“ይኸው! ማነው ተዘግቷል ያለሽ?”

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጋሽ ፊደል ቋንቋውን ወደሚያስተምሩባት፣ ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ በላይ ወዳለች ክፍል ወጣች። አንድ ጡረተኛ ነርስ፣ አንድ የፖስታ ቤት ሠራተኛ፣ ሁለት ተማሪዎችና ጋሽ ፊደል አሉ። ስም ሁሉ በ‹ኦ› ድምፅ ያልቃል። ግሱ አሁን የሚሆን ከሆነ ጫፉ ላይ ‹አስ›፣ ያለፈ ከሆነ ‹ኢስ›፣ ገና የሚመጣ ከሆነ ‹ኦስ›። “ከዚህ የሚያፈነግጥ የለም” አሉ ጋሽ ፊደል ጠረጴዛውን መታ መታ እያደረጉ። “እንደሌሎቹ ቋንቋዎች ‹ይህን ግን እንዲሁ በቃልሽ ያዢው› የሚል ሸር እዚህ የለም።” ሚጡ የተማረችውን በአፏ እያላመጠች፣ ለብቻዋ ፈገግ እያለች ወደ ቤቷ ሄደች። ክረምቱ ሳይወጣ አጫጭር ተረቶች ታነብ ጀመር። ከዚያ ወዲያ መናገር። በሌላ ቋንቋ የምትናገረው እሷ መሆኗን ማመን እያቃታት፣ ጆሮዋ የራሷን ድምፅ እንደ እንግዳ ያዳምጥ ነበር።

እሱ የመጣው እንዲህ ባለ ቅዳሜ ነው። በሩ ተንኳኳና ቆቡን በእጁ የያዘ፣ ጥፍሩ ሥር ያልለቀቀ የማሽን ግራሶ ያለበት ረጅም ሰው ብቅ አለ። “ሳሉቶን” አለ። ሰላም ማለቱ ነው። ክር ፋብሪካው ውስጥ አዲሶቹን ማሽኖች ሊተክል ተልኮ የመጣ መካኒክ ነው። በየሄደበት አገር ዲዳ መሆን ቢሰለቸው ነው ቋንቋውን የተማረው፤ የደረሰበት ከተማ ሁሉ ውስጥ መጀመሪያ የሚፈልገው የሚናገሩትን ሰዎች ነው። ባዶ የነበረው ወንበር የሚጡ ጎን ያለው ብቻ ነበር።

ሚጡ ስትናገር ቃል ይጠፋባታል። ሲጠፋባት ሰው ሁሉ ይቸኩልላታል፤ ነርሷ ትሞላላታለች፤ ጋሽ ፊደል ጫፉን ይሰጧታል። እሱ ግን አይሞላላትም። ዓይኑን ፊቷ ላይ አድርጎ ቃሉ እስኪመጣላት ይጠብቃል። እሷ ወለሉን ታያለች፣ መስኮቱን ታያለች፣ መጨረሻ ላይ እሱን ታያለች፤ ቃሉ ሁልጊዜ የሚመጣው እሱን ስታይ ነበር። የሷን ቃል እንዲህ የጠበቀላት ሰው ኖሮ አያውቅም።

በዚያ ቋንቋ ሁለቱም ሕፃን ነበሩ። ማሽሞንሞን አይችሉም፤ አዙሮ መናገር አይችሉም። “ዛሬ ደስ ብሎኛል። አንቺ ስለመጣሽ ነው” ይላታል፤ ቃሉ ያ ብቻ ስለሆነ። በቤቷ ቋንቋ አንድ ወንድ እንዲህ ቢላት “ምላስ አለው” ብላ ትስቅበት ነበር። ከሱ ሲመጣ ግን የሚያስቅ ነገር አጣችበት።

አንድ ጊዜ ብቻ ተቀያየሙ። እሱ ከፋብሪካው ስልክ ይደውላል፤ ከኋላው ማሽኖቹ ይጮኻሉ። “ሚ ፎሪሮስ” አላት፤ ልሄድ ነው ማለቱ ነው። እሷ የሰማችው “ሚ ፎሪሪስ” ነው፤ ሄጃለሁ። አገር ለቆ ከሩቅ የደወለላት መሰላት። ሳይሰናበታት! ስልኩን ዘጋችው። ቅዳሜ መሄዷን ተወች። እሱ ከፎቁ ሥር ቆሞ ሲጠብቃት፣ እሷ መነጽር ቤት ውስጥ ያልላላ ብሎን ታጠብቅ ነበር።

ከዚያ መነጽር ቤቱ በር ላይ ድንገት ተገተረ። የሥራ መነጽሩን ባንኮኒው ላይ አኖረላት። “ተሰብሯል” አላት።

ገልበጥ አድርጋ አየችው። “አልተሰበረም። ብሎኑን ፈትተኸዋል።”

“አዎ። ፈታሁት።”

ልታመልጣት የመጣችውን ፈገግታ ነክሳ ያዘቻት። “ሄጃለሁ አልክ እኮ።”

“‹ኦስ› ነው ያልኩት!” አለ ሁለት እጁን አንስቶ። “‹ኢስ› አይደለም! እዚህ ነኝ። ይኸው፣ ንኪኝ!”

ደስታዋ የቆየው አንድ ትንፋሽ ያህል ብቻ ነበር። ልሄድ ነውም ቢሆን መሄድ ነዋ። ማሽኖቹ ተተክለው አልቀዋል፤ ኩባንያው ጠርቶታል። ያን ፊቷ ላይ አንብቦት ሳይሆን አይቀርም፣ እጁን ባንኮኒው ላይ ካለው እጇ አጠገብ፣ ሳይነካት አስቀመጠና፣ “አብረን እንሂድ። አባትሽን ልጠይቅ” አላት። ሚጡ አዎ አላለችም፤ አይሆንምም አላለችም። የሁለቱን እጅ አየችና፣ “እሑድ ና” አለችው።

*

ሰዓቱን አላዛነፈም። ጸጉሩን ተስተካክሏል፤ ጥፍሩን ፈግፍጎ አጽድቷል፤ ኮቱ የሰው ሳይሆን አይቀርም፣ እጅጌው አጥሮታል። አባቷ ቆመው ጨበጡት። እናቷ ሻይ አቀረበች። ጆሯቸው ደከም ያለው የአባቷ እህት፣ ሚጡ “እትዬ” የምትላቸው፣ ከሶፋው ጥግ አንገታቸውን አስግገው ከእግር እስከ ራሱ ይመረምሩታል።

“ሽማግሌው የታሉ?” አሉ አባቷ።

“ወድቀው ሆስፒታል ገብተዋል፣ አባባ። እኔ… እኔ ነኝ የማስተረጉመው።”

አባቷ ክራቫታቸውን አጠበቁ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ጠበቃ የነበሩ ሰው ናቸው፤ አንድን ነገር በቀጥታ ተናግረው አያውቁም። ነገር መጀመሪያ ይከበባል፣ ከዚያ ይቀርባል፣ መጨረሻ ላይ ይያዛል። “እንግዲህ ሌላ ሰው ከሌለ ምን ይደረግ። ወንበር ሳቢና መሐላችን ተቀመጪ” አሉ።

ተቀመጠች። በስተግራዋ አባቷ፣ በስተቀኟ እሱ።

“እንግዳችን” ብለው ጀመሩ አባቷ፣ “ሰው ወደ ሰው ቤት እግሩን ከማንሳቱ በፊት ልቡን አስቀድሞ ይልካልና፣ በዚህ ቤት መገኘትህን እንደ ቀላል ነገር አንቆጥረውም። የመጣህበትንም ጉዳይ በንቀት ዓይን አናየውም። ያም ሆኖ ግን አንድ አባት የተጠየቀውን ከመመለሱ በፊት ግራና ቀኙን ማመዛዘኑ የማይቀር ስለሆነ…”

ሚጡ ወደሱ ዞረች። “አባቴ እንኳን ደህና መጣህ ይላሉ” አለችው በኤስፔራንቶ። “ከዚያ ‹ግን› አሉ።”

“ያ ሁሉ ንግግር ይቺን ታክላለች?” አሉ እትዬ።

“አጭር ቋንቋ ነው፣ እትዬ።”

አባቷ ምስክር እንደሚጠይቁ ጠየቁት። የት ተወለደ፣ ወላጆቹ ምን ይሠራሉ፣ የሚኖረው የት ነው። እሱ ቀና ብሎ መለሰ። አባቱ ሞተዋል፤ እናቱ የሰው ልብስ እየሰፉ አሳድገውታል፤ ቋሚ ቤት የለውም፣ ከአገር አገር እየዞረ ማሽን ይተክላል።

“ምን ይተክላል?” አሉ እትዬ።

“ማሽን።”

“ይበቅላል እንዴ?”

ማንም አልሳቀም። ሚጡ የእናቱን ስፌት ስትተረጉም “የልብስ ሥራ አላቸው” አለች፤ የአባቷን ቅንድብ ስላወቀችው ነው። እሱ የገባው ይመስል ትንሽ ዝቅ ብሎ አያት፤ አፈረች፤ ግን በማን እንዳፈረች ለራሷም አልለየላትም።

“እንግዲህ ንገሪው” አሉ አባቷ። ድምፃቸው ተለወጠ፤ ዙሪያ ጥምጥሙ ቀረ። “አንድ ልጅ ለሩቅ አገር ሰጥቻለሁ። ታላቅ እህትሽን። ባሏ ጥሩ ሰው ነው፣ አልከስሰውም። ልጆቿ እሑድ እሑድ ይደውላሉ፤ የሚያውቁት ያባታቸውን ቋንቋ ብቻ ነው። እናትሽ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ‹እሺ፣ እሺ የኔ ጌታ› ስትል ትውላለች። ምን እንዳሏት ግን አታውቅም። ትሙት ይበሏት፣ እንወድሻለን ይበሏት፣ አታውቅም። ስልኩ ሲዘጋ ‹ምን አሉሽ?› እላታለሁ። ‹ድምፃቸው ደህና ነው› ትለኛለች። ይህን ንገሪው።”

ሚጡ አፏን ከፈተች። እንዴት ነው ይህ የሚነገረው? “ሐዘን” የሚለውን ቃል ፈለገችው፤ ያገኘችው ‹ማልጆዮ› የሚለውን ነው። ደስታ ላይ ‹ማል› የተለጠፈበት። በተማረችበት ሰሞን ብልሃቱ ደስ ብሏት ነበር። አሁን በአባቷ ፊት፣ በእናቷ ስልክ ላይ ስትለጥፈው ግን አነሰባት፤ ገና አፍ እንደፈታች ልጅ አደረጋት። “አባቴ ደስተኛ አይደሉም” አለችው። “እህቴ ሩቅ ናት። የእህቴ ልጆች ያወራሉ። እናቴ አይገባትም።” ሌላ ቃል አልነበራትም።

እሱ ወንበሩን ወደ ፊት ሳብ አደረገ። ከዚያ ወደ አባቷ ዞሮ፣ እሷን ሳይሆን እሳቸውን እያየ፣ ቀስ እያለ ተናገረ። ጠቅላላው ሦስት አጫጭር ዐረፍተ ነገር ነበር። ለሷ አዲስ ቃል አልነበረበትም።

“ምን አለ?” አሉ እትዬ።

“‹ከእናንተ ልነጥላት አልፈልግም› ይላል” አለች ሚጡ። ዓይኗን ምንጣፉ ላይ ተከለች። “‹ምንም የለኝም› ይላል። ‹እወደዋለሁ› ይላል።”

አባቷ ስኒያቸውን አስቀመጡ።

“ማንን ነው የሚወደው?” አሉ እትዬ ግራ ገብቷቸው። “አባትሽን?”

ሚጡ ያለችው ለራሷ ጆሮ የደረሰው ያኔ ነው። ክው አለች። እናቷ አፏን በመዳፏ ሸፈነች።

“‹እወዳታለሁ›… እወዳታለሁ ነው ያለው። ተሳስቼ ነው፣ አባባ።”

በአንዲት ፊደል ስሕተት ምስክር ሲጥሉ የኖሩት ጠበቃ ወንበራቸው ላይ ቀስ ብለው ተደገፉ። “እሱ ያለውን ተረዳሁ” አሉ። “አንቺ ያልሽውንም ሰማሁ።”

“ምን ሆነ?” አላት መካኒኩ በጭንቀት። “ምን ብለሽ ነው?”

እንዴት ታስረዳው? በቤቷ ቋንቋ የሚወደደው ሰው እዚያው ግሱ ውስጥ ተቀምጧል፤ ሊደብቁት ቢፈልጉም ያመልጣል። “ትንሽ ቃል ነው” አለችው። “ትንሽ ቃል ተሳሳትኩ።” ጉንጯ ይነድ ነበር። ደብቃው የኖረችውን ነገር፣ ለአባቷ አንድ ቀን እንኳ በዘወርዋራ ያልተነፈሰችውን፣ ሰው ሁሉ ፊት ዘርግፋው ተቀመጠች፤ የምትሰበስብበት እጅ አልነበራትም።

እናቷ መዳፏን ከአፏ አነሳች። “ለኔም አንድ ነገር ጠይቂልኝ” አለች። “እንዳለ ንገሪኝ፣ ምንም ሳትቀንሺ። ልጆች ብትወልዱ፣ እኔን በምን ቋንቋ ነው የሚጠሩኝ?”

ሚጡ ጠየቀችው። ይህ ቀላል ነበር፤ ቃሎቹ ሁሉ ነበሯት። እሱ እናቷን አየ። ስኒውን አየ። ሚጡ በልቧ፣ ያስተምራቸዋል ይበል፣ ቋንቋችሁን እማራለሁ ይበል፣ ምናለ ትንሽ ቢዋሽ፣ እያለች ትለምነው ነበር።

“ሚ ኔ ሲያስ” አለ።

“‹አላውቅም› ይላል፣ እማዬ።”

እናቷ ራሷን ነቀነቀች። እንባዋ ኮለል ብሎ ወረደ፤ አልጠረገችውም። “ደግ አደረገ” አለች። “የእህትሽ ባል ‹አውቃለሁ› ብሎኝ ነበር።”

አባቷ እምቢ ለማለት ያዘጋጁት ንግግር ነበራቸው፤ ፊታቸው ላይ ይታያል፤ ግን የት ጋ እንደሚጀምሩት የጠፋቸው ይመስሉ ነበር። መካኒኩ ወደ ሚጡ ዞረ።

“አንቺስ?” አላት።

“ምን አለ?” አሉ አባቷ።

“እኔን ነው የጠየቀኝ።”

“መልሽለታ።”

ይህን አልጠበቀችም። ይከለክሉኛል ብላ፣ ስትከለከል ምን እንደምትል ነበር ሌሊቱን ስታሰላስል ያደረችው። ሁሉም ዓይኑን ጣለባት። አዎ ብትል እናቷ ከፊቷ አለች፤ አይሆንም ብትል እሱ ከጎኗ አለ። አዎም አይሆንምም በዚያ ቋንቋ አንድ አንድ ድምፅ ናቸው፤ በመጀመሪያው ቀን የተማረቻቸው። ሁለቱም ከንፈሯ ላይ ደርሰው ተመለሱ። ጉልበቷ ላይ ያሉትን እጆቿን ስታይ፣ ዝምታው ረዘመ፣ ረዘመና ራሱ መልስ ሆነ።

እሱ ተነሣ። ኮቱን አስተካከለ። ከአባቷ ፊት ቆሞ እጁን ዘረጋና፣ የሚያውቃትን ብቸኛ የቤቱን ቋንቋ ቃል፣ ጥንቅቅ አድርጎ ተናገረ።

“ደህና ዋይ።”

እትዬ ፍርፍር ብለው ሳቁ። “አባትሽን ሴት አደረጋቸው እኮ!”

አባቷ ግን አልሳቁም። የዘረጋውን እጅ እንደያዙ ቀሩ። ሰውዬው ያቺን ቃል የሚያውቃት በዚህ አኳኋን ብቻ ነው። የተማራት ከአንዲት ሴት አፍ ነው፤ ሲሰናበትባት የኖረውም ያቺኑ አንዲት ሴት ነው። ሌላ ሰው ላይ ተጠቅሟት አያውቅም። ይህን ለመረዳት ደግሞ ለአባቷ አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም።

“ደህና ሁን፣ ልጄ” አሉት፣ እንደማይገባው እያወቁ። በሩ ተዘጋ። ሚጡ ከሁለቱ ወንበሮች መሐል እንደተቀመጠች ቀረች፤ በስተቀኟ ያለው ባዶ ነበር።

*

እናቷ ወደ መስኮቱ ሄደች። መጋረጃውን ገለጥ አደረገች።

“ወጣ” አለች። “መንገዱን ተሻገረ።” ትንሽ ቆይታ፣ “ቆመ” አለች።

“አውቶቡስ እየጠበቀ ይሆናል” አሉ አባቷ።

“አውቶቡሱ የሚቆመው ወዲያ ነው። እዚህ ነው የቆመው፤ ከፊት ለፊታችን። ወደ ላይ እያየ ነው።”

አባቷ ስኒያቸውን አነሱ፤ ሻዩ ቀዝቅዟል፤ መልሰው አስቀመጡት። መስኮቱ ላይ ጠብ ጠብ የሚል ድምፅ መጣ።

“ዝናብ ጀመረ” አለች እናቷ።

“ይሄዳል እንግዲህ። ማን ዝናብ ላይ ይቆማል?”

“አልሄደም።”

“ጃንጥላ የለውም?”

“ቆብ አለው። እሱንም አላደረገውም።”

እትዬ ከሶፋው ጥግ፣ “ኧረ እባካችሁ አንድ ሰው አንድ ነገር ይበል!” አሉ። አባቷ ተነሥተው እስከ መስኮቱ ሄዱ፤ በእናቷ ትከሻ ላይ አሻግረው አዩ፤ ተመለሱ። በሕይወታቸው ያልተዘጋጁበት ክርክር ገጥሟቸው እንደማያውቅ ሁሉ፣ ክራቫታቸውን ላላ አድርገው በድካም ቁጭ አሉ። ሚጡ አባቷን እንዲህ አርጅተው አይታቸው አታውቅም።

“አባባ” አለች። “ምን ላድርግ?”

እንደ ትንሽ ልጅ ነበር የጠየቀቻቸው። ሂጂ ቢሏት ልትሄድ፣ ቅሪ ቢሏት ልትቀር። አንዱን ብቻ ይበሉኝ፣ ብላ ፊታቸውን ለመነችው።

“እኔ ምን አውቄ?” አሉ አባቷ። ድምፃቸው ተሰባበረ። “ቋንቋውን የምታውቂው አንቺ ነሽ።”

ተነሣች። ጫማዋን እንዴት እንዳደረገች አታውቅም። መደገፊያውን ይዛ ደረጃውን ወረደች። በየደረጃው አንድ ቃል እያዘጋጀች በሚቀጥለው ትጥለዋለች።

እሱ ጸጉሩ ግንባሩ ላይ ተለጥፎ፣ አጭሩ እጅጌው ውኃ እያንጠባጠበ ቆሟል። ስትሻገር አልተንቀሳቀሰም፤ አንድ እርምጃ ቢራመድ የምትመለስበት ይመስል።

“አባትሽ ምን አሉ?”

“‹ቋንቋውን የምታውቂው አንቺ ነሽ› አሉኝ።”

“እሺ ማለት ነው?”

“አይደለም።”

“እምቢ ማለት ነው?”

“አይደለም።”

“ታዲያ ምን ማለት ነው?”

በኤስፔራንቶ ልትመልስለት አፏን ከፈተች። ግሱ መጣ፤ ጫፉ ግን እምቢ አላት። እሄዳለሁ? ሄጄ ነበር? የቱ ነው? ያ ታዛዥ ቋንቋ፣ አንድም ቀን ያላስቸገራት ቋንቋ፣ ጥላት ሄደ። ከዚያ ሳታስበው፣ ከስንብት ቃሏ በቀር ለሱ አንድም ቀን ባልተናገረችበት በእናቷ ቋንቋ ገነፈለች።

“እኔ ምን ላድርግልህ?” አለችው። “ንገረኝ እስቲ፣ ምን ላድርግ? ልሂድ ብል እማዬን እንዴት አድርጌ ነው የምተዋት፤ ሰምተሃል አይደል፣ ያንን ስልክ ይዛ እንዴት እንደምትቀመጥ? ልቅር ብል ደግሞ ነገ ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ልቤ ቀጥ ይላል፤ ቅዳሜ ሲመጣ የት ልግባ? ለምን ዋሸት አላደረግክም? አውቃለሁ ብትላት ምን ነበረበት? አይ፣ እንኳንም አልዋሸህ… አባባ እንኳ ይቆጡኛል ስል ድምፃቸው ተሰበረብኝ፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አንተ ደግሞ ዝናብ ላይ ትቆማለህ! ሳንባህ ቢታመምስ? ማን ያስታምምሃል? ማን አለህ? እወድሃለሁ እኮ! ለአባቴ ነገርኳቸው፣ ለአንተ ሳልነግርህ ለአባቴ ነገርኳቸው…”

ትንፋሽ እስኪያጥራት ተናገረች። እሱ አንዲትም ቃል አልገባውም። አላቋረጣትም። ድሮ ቃል ጠፍቶባት ሲጠብቃት እንደነበረው ሳይሆን፣ የሚሰማው ነገር ሁሉ የሱ እንደሆነ እያወቀ፣ አንዱንም ሊይዘው እንዳልቻለ ሰው አፏን አፏን ያያት ነበር። ዝናቡ ይሁን እንባ፣ ፊቱ ሁሉ ርሶ ነበር።

ስትጨርስ፣ “ድገሚልኝ” አላት። “እባክሽ። ቀስ ብለሽ።”

“አይገባህም እኮ።”

“ቀስ ብለሽ።”

ነገ ጠዋት ባቡሩ ይነሣል። በአንዲት ከሰዓት ቋንቋ አይለመድም፤ ያውም የሷ፣ በየጫፉ ሰው የተቀመጠበት፣ ሕጉን ያፈነገጠው የሚበዛበት። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ። ቢሆንም ዓይኗን ጠረገችና ሞከረች።

“እኔ…” አለች።

“እኔ” አለ እሱ፣ እንደ ጎበዝ ተማሪ ከንፈሩን አስተካክሎ።

ላይ መስኮቱ ላይ የእናቷ ጥላ ይታያል። ሚጡ ለመቀጠል አየር ሳበች። እሱ የሚከተለውን ሊቀበል ፊቷን እያየ ቆመ።

“እኔ…” አለች ደግማ።

“እኔ” አላት፣ እየጠበቀ። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ቃል ግን እሷም አታውቀውም ነበር።